ትርፍ ጥሬ

መጋዘኑ ውስጥ ዶሮዎች ገብተው ጥሬ ይለቅሙ ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ከኢንስፔክተር እሱባለው ጋር ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ወዳለው የደጋ ገብስ አክሲዮን ማኅበር ግቢ ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት እነሱን ነው። ከግራው ግድግዳ ሥር ተኮልኩለው ወለሉን ይጭራሉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቁልፉ አልተሰበረም፤ ማጠፊያውም አልተነካም። እስከ ጣሪያው በገብስ ተሞልቶ ነበር የተባለው ቤት ግን ባዶ ነው።

ዘበኛው አያ ጓዴ በሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ ጋር ታስረው ነበር የተገኙት። እኛ ስንደርስ ተፈትተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የታሰሩበት ጠፍር፣ ያው በሬ የሚጠመድበት፣ እግራቸው ሥር ወድቋል። ኢንስፔክተሩ አንስቶ አገላበጠውና የሽማግሌውን እጅ ያዝ አድርጎ አየ። ቆዳቸው አልተላጠም፤ አልቀላምም።

«ጠፍሩ እጅዎን አልበላዎትም?» አላቸው።

«ጋቢዬ ከሥር ነበር።»

«ያሰረዎት ሰው ነው ጋቢውን ጠቅልሎ ያደረገልዎት?»

«አዎ።»

«ማን ነው?»

«እግዜር ያውቃል፣ ልጄ።»

እሱባለው ጠፍሩን ሰጠኝና «ሌባ ለእጅ አያዝንም፣ ቅድስት» አለኝ። ወጣት ሳለ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የድጓ ዜማ ሲማር ቆይቶ ነው ወደ ፖሊስነት የመጣው። እስካሁን ሲያስብ በአፍንጫው ያዜማል፤ እኔን ደግሞ ያ ዜማ ያናድደኛል። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ነገር ቶሎ ሲያልቅ ደስ ይለኛል። እሱም «እናንተ እስቴዎች ከምርመራው ፍርዱ ይቀድማችኋል» እያለ ይተርበኛል።

ሥራ አስኪያጁ መልአኩ ሁለት ስልክ ይዞ ግቢውን እየተንጎራደደ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ንግግሩ የተስተካከለ ሰው ነው። ዘበኛውን ታስረው ያገኛቸውም እሱ ነው።

«ሦስት መቶ ሃምሳ ኩንታል ገብስ ነው የሄደው» አለን። «ሁለት መቶው የአባሎቻችን አደራ ነው። ገበሬዎቹ እዚህ ያስቀምጡታል፤ ክረምት ዋጋ ሲወደድ እንሸጥላቸዋለን። መቶ ሃምሳው የማኅበሩ ነው። ሀብቴ ከሚባል የወገዳ ነጋዴ ገዛነው። ሐሙስ ዕለት ገባ።»

«ሐሙስ ሰኔ ሚካኤል አልነበረም?»

«ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ሄዷል። እኔ ራሴ በራሴ ቁልፍ ከፍቼ አስገባሁት። የአባላቱ በግራ፣ የእኛ በቀኝ።»

«ስንት ቁልፍ አለ?»

«ሁለት። አንዱ እኔ ጋ ነው፤ ትናንት አርብ ይዤው ንፋስ መውጫ ባንክ ቤት ነበርኩ። ሌላው ውባለም ጋ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛችን ናት። የአያ ጓዴ ልጅ።»

ይሄኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። አባት ዘበኛ፣ ልጅ ባለቁልፍ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ቶሎ እንያዛቸው አልኩ። እሱባለው ማዜም ጀመረ።

ውባለምን ቤቷ አገኘናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ከዚያ ቤት የወር ደመወዝ ያየ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

«ቁልፉ ከእጅሽ ወጥቶ ያውቃል?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«አይወጣም።»

«አርብስ?»

«አርብ መጋዘን አይከፈትም። ገበያ ነበርኩ። ያየኝ ሰው ሞልቷል።»

«ቁልፉን ለሰው ሰጥተሽ ይሆናል። ረስተሽው ይሆናል።»

«አብሮኝ ነበር» አለች። ይህን ስትል እሱን አላየችውም። በሩ ላይ የቆሙትን አባቷን ነበር የምታየው። በገዛ አፏ ገመዱን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀችው እኔም ገብቶኛል፤ እሷም ሳይገባት አልቀረም።

ያዝናት። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀረበች፤ ዳኛው የምርመራ ጊዜ እስከሚቀጥለው ሰኞ ሰጡን። በዚያ ቀን ገብሱ ካልተገኘ ዐቃቤ ሕጉ ክስ ይመሠርታል፤ እሷም ደብረ ታቦር ማረሚያ ቤት ትወርዳለች። አባቷ በየቀኑ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ። በአገልግል አምጥተው ያስረክባሉ፤ ከዚያ ከበራችን ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ። በመጀመሪያው ቀን ወጣሁላቸው።

«አያ ጓዴ፣ የሚያውቁት ካለ ይንገሩንና ልጅዎ ትውጣ» አልኳቸው።

«ሰኔ ይውጣ» አሉኝ። «ሰኔ ይውጣ ብቻ።»

የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት። እኔ የያዘኝ የአይሱዙ ፍለጋ ነበር። ይህን ሁሉ እህል ያለ መኪና ማን ያንቀሳቅሳል? ከዝናቡ በኋላ በዚያ ጭቃ መንገድ ላይ የጎማ ዱካ ግን አንድም አልነበረም። የአህያ ፋንድያ ብቻ ነው፤ አርብ ገበያ ደግሞ በገበያ ማግስት ፋንድያ ብርቅ አይደለም።

*

ሰኞ ከሰዓት ንፋስ መውጫ ሄድን። ማኅበሩ ብድር የወሰደበት ባንክ እዚያ ነው። የብድር ክፍሏ ትዕግስት መልአኩን በደንብ ታውቀዋለች።

«አርብ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ነበር» አለችን። «ስለ ሰኔ ሠላሳ ሊያስረዳኝ ነው የመጣው።»

«ሰኔ ሠላሳ ምን አለ?» አለ እሱባለው።

«ሒሳብ ይዘጋል። ማኅበሩ ወፍጮውን በብድር ሲገዛ የፈረመው አንቀጽ አለ። ከዓመቱ ገቢ ላይ ወጪው፣ ግብሩ፣ የዓመቱ የብድር ክፍያና የሥራ ማስኬጃው ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ጥሬ ገንዘብ ካለ፣ የትርፉን ግማሽ ቀኑ ያልደረሰ ዕዳ መክፈያ ያደርጉታል።»

«ከፈለጉ ነው?»

«ግዴታ ነው።»

«ቀኑ ሳይደርስ? ይሄማ ቅጣት ነው» አልኩ።

«አይደለም። የራሳቸው ዕዳ ነው የሚቀንሰው፤ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል። ሥራ አስኪያጆች ግን አይወዱትም። በእጅ ያለ ገንዘብ ተጠርጎ ሲሄድ ማየት ማን ይወዳል?»

«እህል ቢገዙበትስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ትዕግስት ፈገግ አለች። «ከሰኔ ሠላሳ በፊት ከገዙበት ትርፍ ጥሬ ገንዘብ የሚባል ነገር የለማ። ያለው እህል ነው። አቶ መልአኩም ያደረገው ይህንኑ ነው። ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ገብስ ገዝቼበታለሁ ብሎ ደረሰኙን አሳየኝ። አልወደድኩትም፤ ግን ክልክል አይደለም።»

በመመለሻችን መኪና ውስጥ እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ይሄ ሰውዬ ነው። ብሩን ከባንክ ለማሸሽ እህል አደረገው፤ እህሉን ደግሞ አሰረቀው።»

«ከባንክ ለማሸሽ መግዛቱ ይበቃው ነበር» አለ እሱባለው። «ለምን ያሰርቀዋል? የገበሬውንስ ሁለት መቶ ኩንታል ምን አደረገው?»

ያም ሆኖ መልአኩን ጠራነው። አልደነገጠም። ገዛሁ፣ አዎ፤ ባንኩ እንዳይወስድብን ነው፣ አዎ፤ ለማኅበሩ ብዬ ነው አለ። ወገዳ ሀብቴ ጋ ደወልን። «ሸጫለሁ፣ ብሬንም ተቀብያለሁ» አለን፤ ስልኩን ቶሎ ዘጋው። መልአኩ አርብ ዕለት የት እንደዋለ ባንክ ቤት ሙሉ ሰው ይመሰክርለታል። መንገዱ ተዘጋብን።

እሱባለው ሁለት ቀን ሲያዜም ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ውስጥ ድንገት ዜማውን አቋረጠና «ሰኔ ሠላሳ ለባንክ ቁም ነገር ነው፤ ለመልአኩም ቁም ነገር ነው» አለ። «ለዘበኛ ምኑ ነው?»

ያኔ ነው አያ ጓዴ «ሰኔ ይውጣ» ሲሉኝ የነበረው ትዝ ያለኝ። ነገርኩት። ለአምስት ቀን ሳልነግረው በመቆየቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

*

አርብ ገበያ ቆመ። ከየአቅጣጫው ገበሬው በእግሩ፣ እህሉ በአህያ ይጎርፋል። እሱባለው ከገበያው መግቢያ ቆሞ ጆንያ የተጫኑትን አህዮች ሲያይ ቆየና «በዚህ መሐል የአባላቱ ሁለት መቶ ኩንታል ቢያልፍ ማን ዞሮ ያያል?» አለኝ። እኔ የአይሱዙ ዱካ ፍለጋ ጭቃ ስረግጥ የከረምኩት ሴትዮ ምን ልበል?

አባላቱን በየተራ አነጋገርናቸው። አደራቸው የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው፤ ግን አንድም ያለቀሰ፣ አንድም መልአኩን የረገመ የለም። ይበልጣል የሚባል ገብስ ሻጭ ነበር።

«ባለፈው አርብ መጋዘኑ አካባቢ ምን አዩ?» አልኩት።

«እግዜር ያውቃል።»

«ምንም አላየሁም እያሉኝ ነው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«አየሁ ነው እንግዲህ?»

«እንደሱም አላልኩም፣ እመቤት።»

አዛለች የምትባል ምስር ሻጭም እንዲሁ አለች። ከእሷ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ። ሁሉም «እግዜር ያውቃል» ይላሉ። እሱባለው በመጨረሻ «ምንም አላውቅም ብለህ ማልልኝ» ሲለው ይበልጣል ጆንያውን ትቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «መሐላ አልገባም» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ወደ ጣቢያ ስንመለስ አያ ጓዴ ድንጋያቸው ላይ ነበሩ። ኢንስፔክተሩ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«አያ ጓዴ፣ እስካሁን አንድም ውሸት አልነገሩኝም አይደል?»

«አልነገርኩህም።»

«ሌባ አሰረኝም አላሉኝም።»

«አላልኩህም።»

«ሰው ልጁ ታስራ ዝም የሚያሰኘው ብር አይደለም። ፍርሃትም አይደለም። ማን እንደገዘተዎት ነው የማላውቀው።»

ሽማግሌው አገልግሉን አስቀምጠው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አማተቡ።

*

መምሬ ፍሥሐ የአጥቢያው ቄስ ናቸው፤ የአገሩ ሰው ግማሹ የንስሐ ልጃቸው ነው። ቅዳሜ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እሱባለው ባርኔጣውን አውልቆ መስቀል ተሳለመ። ቤተ ልሔም ማን ዘንድ እንደተማረ ጠየቁት፤ ነገራቸው፤ መምህሩን አወቋቸው።

«አባቴ፣ የገዘቱትን ይንገሩኝ አልልዎትም» አለ እሱባለው። «እኔ ነኝ የምነግርዎት። ባንኩ እህል አይወስድም።»

መምሬ ፍሥሐ ቀና አሉ። «ምን አልከኝ?»

«አንዲት ፍሬ ገብስ አይወስድም። ባንክ እህሉን ምን ያደርግለታል?»

«ጓዴ በጆሮው ሰምቷል» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ሥራ አስኪያጅ በስልክ ሲያወራ ሰምቷል። ‹ሰኔ ሠላሳ ሳይመጣ ትርፍ ጥሬውን ከዚህ ካላወጣሁት ባንኩ ሙልጭ አድርጎ ይጠርገዋል› ብሏል። አንተ ልጅ ነህ፤ የኮታውን ዘመን አታውቀውም። ያኔም ትርፍ ጥሬ ካላችሁ አስረክቡ ብለው ነው የጀመሩት። ትርፉን የሚለኩት እነሱ ነበሩ። የዘር እንኳ አላስቀሩልንም።»

«ትርፍ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ አባቴ። የባንክ ሰዎች ሲያሳጥሩት ነው ጥሬ የሚሉት። ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈውን ብር ማለታቸው ነው። ያውም ግማሹን፤ ያውም ለገበሬው ለራሱ ዕዳ።»

መምሬ ፍሥሐ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ኅብር ነበር፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ዓመት ቅኔ አስተምሬ በአንዲት ኅብር ቃል ሕዝቡ ሁሉ እህሉን አውጥቶ በየቤቱ እንዲሸሽግ አደረግኩ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ጓዴ በየማታው እየመጣ ልጄ ታሰረች ይፍቱኝ ይለኛል። ሰኔ ይውጣ እለዋለሁ። ምስጢሩን የተናገረ፣ ከእህሉም አንዲት ፍሬ ያጎደለ ውግዝ ከመ አርዮስ ብዬ ገዝቼ እንዴት ልፍታ? ስንት ቤት የሚበላውን እያሰብኩ በአንዲት ልጅ ጨከንኩ።»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱን ቢፈቱ ይደርሳል» አለ እሱባለው።

*

ሰኞ ጠዋት፣ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት፣ አህዮቹ መጡ። ከየጎተራውና ከየጉድጓዱ የወጣው ገብስ እየተመዘነ ወደ መጋዘኑ ይገባል። ማንም አልተጣራም፣ ማንም አልተገፋፋም። ብርቱካን የምትባል እናት ከጆንያዋ ሌላ አንድ ቁና ገብስ በእጇ ይዛ መጣች። «ልጆቹ ሳላያቸው ቆሎ ቆልተውበታል፤ ከራሴ ተክቻለሁ» አለችኝ። መሬት ላይ የፈሰሰውን ከነአፈሩ ጠርጎ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣም ነበር። በግዝት የተያዘ እህል እንዲህ ነው የሚመለሰው።

ሁለት መቶ ኩንታሉ ሞላ። መልአኩ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«የቀረውስ?» አለ። «መቶ ሃምሳ ኩንታል ይጎድላል። የማኅበሩን አስቀርተው የራሳቸውን ነው የመለሱት። ኢንስፔክተር፣ የየቤቱ ጎተራ ይፈተሽልኝ።»

ገበሬው ይንጫጫል ብዬ ጠብቄ ነበር። አያ ጓዴ ብቻ ወደፊት ወጡ።

«አቶ መልአኩ፣ ተፈትተናልና ልናገር» አሉ። «አርብ ይህን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ያሰሩኝም እኔው እሰሩኝ ብያቸው ነው። በቀኝ በኩል አንድ ጆንያ አልነበረም።»

«ሌባ ሲመሰክር!» አለ መልአኩ።

እሱባለው ወደ እኔ ዞረ። «ቅድስት፣ ያን ቅዳሜ ዶሮዎቹ የት ነበሩ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከግራው ግድግዳ ሥር ነበሩ ሁሉም። ወደ ቀኝ የሄደች አንዲት ዶሮ አልነበረችም። ገብቼ የቀኙን ጥግ አየሁት፤ የሸረሪት ድሩ ከግድግዳው እስከ ወለሉ እንደተዘረጋ ነው፤ አቧራው ላይ አንዲት ፍሬ የለም። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ሦስት አይሱዙ ገብስ ተራገፈበት የተባለ ቦታ ነው ይሄ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማስረጃው ዓይኔ ሥር ነበር።

«ዶሮ ደረሰኝ አታነብም፣ አቶ መልአኩ» አለ እሱባለው።

መልአኩ ሁለቱንም ስልኮቹን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

«ለማኅበሩ ብዬ ነው የጀመርኩት» አለ። «ሀብቴ ደረሰኝ ይሰጠኛል፤ ብሩን ያቆይልኛል፤ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ይመልስልኛል። ሁለተኛ ወፍጮ ልንተክልበት ነበር። እምላለሁ ይኸው ብቻ ነበር ሐሳቤ። ቅዳሜ ስመጣ ግን መጋዘኑ ባዶ ነው። ያልገባውም ገብስ አብሮ ተሰረቀ ብል ማን ያውቅብኛል አልኩ። ለሀብቴ ደወልኩለት፤ እንካፈላለን አለ።»

«ልጅቷስ?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ወለሉን አየ።

ሀብቴን በዚያው ቀን ወገዳ ያዙት፤ ብሩም ከእጁ ተገኘ። ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ተመለሰ፤ ሰኔ ሠላሳም ሲደርስ ባንኩ በውሉ መሠረት የትርፉን ግማሽ ለዕዳው አዋለው። ዕዳው ቀነሰ። ይህን መምሬ ፍሥሐ ራሳቸው ናቸው ከመቅደሱ በር ላይ ቆመው ያስረዱት፤ ጥሬ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ደጋግመው ሕዝቡ እንዲያስተውለው አደረጉ ብለው ሰዎች ነገሩኝ።

ውባለምን ገብሱ በተመለሰበት ሰኞ ረፋድ ላይ ፈታናት። እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩላት። አባቷ ድንጋያቸው ላይ አልተቀመጡም፤ ቆመው ነበር የሚጠብቋት። ስትጠጋቸው ጉልበቷን ሊይዙ ጎንበስ አሉ፤ ክንዳቸውን ይዛ ቀና አደረገቻቸው።

«ግዝት ነው ልጄ» አሉ። «ቁልፉን ከትራስሽ ሥር ወስጄ፣ ሳትነቂ መልሼ፣ አንቺ ግን በእኔ ጥፋት… መናገር አልቻልኩም። ግዝት አስሮኝ ነው።»

«ነቅቼ ነበር፣ አባየ» አለች።

«ነቅተሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሲወስዱትም፣ ሲመልሱትም ነቅቼ ነበር። አንቱን ግዝት አሰረዎት። እኔን ማን ገዘተኝ?»

አያ ጓዴ አገልግሉን ከእጇ ተቀበሉና ከኋላ ከኋላዋ ተከትለዋት ሄዱ።